እናቴ የተወችልኝ መቁጠሪያ፦ ልብ ካልተገኘ ጸሎት ነው ትላላችሁ?

የጫጫዋ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለዚህ ቤት። አንብቤ የምወጣ እንጂ የምጽፍ ሰው አልነበርኩም፤ ዛሬ ግን የምጠይቀው አለኝ።

እናቴ ካረፈች ዓመት ሊሞላት ሦስት ሳምንት ቀርቷል። ትውልዷ አዲግራት አጠገብ ነው፤ በካቶሊክ ቤት ተወልዳ በካቶሊክነቷ አረፈች። አባቴ የዚሁ የሸዋ ሰው፣ ኦርቶዶክስ ነው፤ ዳዊቱን ሳይደግም እህል አይቀምስም። እኔ የእናቴን ተከተልኩ። ማታ ከእራት በኋላ እሳቱ ዳር ተቀምጣ መቁጠሪያዋን ስታወጣ፣ እኛ ልጆቿ ጋቢዋ ውስጥ እየገባን "ቅድስት ማርያም" ከሚለው ጀምሮ ያለውን እንቀበላት ነበር። መቁጠሪያው አምስት ጊዜ አሥር አሥር ፍሬ ነው፤ ሦስተኛው አሥር ላይ ሁልጊዜ እንቅልፍ ይወስደናል። የጫጫን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። የጋቢዋ ሙቀትና ድምጿ እስከ ዛሬ አልተለያዩብኝም።

ፊደል አልቆጠረችም። በየአሥሩ የሚታሰቡትን የጌታንና የእመቤታችንን ሕይወት ምሥጢራት ግን ቀን ከቀን አታምታታም፤ ማክሰኞና ዓርብ የሐዘን፣ ረቡዕና እሑድ የክብር፣ እንዲህ እያለች ሳምንቱን ትዞረዋለች።

አሁን መቁጠሪያው እኔ ዘንድ ነው። የወይራ እንጨት ነው፤ ፍሬዎቹ በእጇ ወዝ ጠቁረው የተቆላ ቡና መስለዋል። አንድ ጊዜ ክሩ ተበጥሶ አባቴ ለጋቢ ከተፈተለው ጥጥ አክርሮ መልሶ ሰክቶላታል። ያን ጊዜ አንዲት ፍሬ ጠፍታ ስላልተገኘች፣ አራተኛው አሥር ላይ፣ ሰባተኛዋ ቦታ፣ በፍሬ ፈንታ ቋጠሮ ቋጠረላት። ጣቴ እዚያ ሲደርስ ሁልጊዜ ያዝ ያደርገኛል።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ከሞተች ጀምሮ በየማታው እይዘዋለሁ። አፌ ይላል፣ ጣቴ ይቆጥራል፣ ልቤ ግን የለም። የነገ ሥራዬን አስባለሁ፣ የቤት ኪራይ አስባለሁ፤ አምስቱን ጨርሼ ስነሳ የት እንደነበርኩ አላውቀውም። ይሄ ጸሎት ነው? ወይስ የእናቴን ዕቃ ታቅፎ መቀመጥ ብቻ ነው? ለእናንተስ መቁጠሪያ ምንድን ነው?

መምህር ዘሸኖ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። የእናትሽን ነፍስ በአብርሃም እቅፍ ያኑርልሽ።

እኔ ለብዙ ዓመት ለሕፃናት ትምህርተ ክርስቶስ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ድሮ የማስጀምራቸው በቁጥሩ ነበር፤ 59 ፍሬ፣ ለሰላም ለኪ፣ መልአኩ ለማርያም ላቀረበው ሰላምታ፣ 53፣ ለአባታችን ሆይ 6። ኋላ ግን ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ማስቀደም እንዳለብኝ ገባኝ።

በምዕራቡ ዓለም ገዳማት መነኮሳቱ 150ውን መዝሙረ ዳዊት ይደግሙ ነበር። ማንበብ ለማይችሉት ወንድሞች ግን መጽሐፉ ዝግ ነበር። እነሱ በ150ው መዝሙር ፈንታ 150 ጊዜ አባታችን ሆይ ያደርሱ ጀመር፤ ከዚያ የመልአኩ ሰላምታም በዚሁ ቁጥር ይባል ጀመር። የደስታ፣ የሐዘንና የክብር ምሥጢራት አምስት አምስት ናቸው፤ በእያንዳንዱ አሥር አሥር ሰላም ለኪ ሲባል 150 ይመጣል። "የማርያም ዳዊት" ሲባል የኖረው ለዚህ ነው። እንግዲህ ቤታችሁን አስቢው። አባትሽ በመጽሐፉ፣ ፊደል ያልቆጠረችው እናትሽ በፍሬው፣ ባንድ ጣራ ሥር ሁለቱም ዳዊት ሲደግሙ ኖረዋል።

ስለ ልብ የጠየቅሽው ከባድ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጡት ጽሑፍ፣ ተመስጦ የሌለው መቁጠሪያ ነፍስ እንደተለየው ሥጋ ነው ብለዋል። እውነት ነው፤ ሐዘን ላይ ያለ ሰው ግን በዚህ ቃል አይመታም። ሐሳብሽ ሲሄድብሽ ወደ ዕለቱ ምሥጢር ተመለሺ። ዛሬ ሰኞ ነው፤ ወደ ናዝሬት፣ ወደ ኤልሳቤጥ ደጅ፣ ወደ ቤተ ልሔም። ሃምሳ ጊዜ ብትሄጂ ሃምሳ ጊዜ ተመለሺ፤ ፍሬው እጅሽ ላይ ያለው ለዚሁ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ሐሙስ ሐሙስ እናትሽ የትኛውን ታደርስ ነበር?

የጫጫዋ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡20

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሐሙስ የደስታውን ነበር። እስከ መጨረሻዋ።

መምህር ዘሸኖ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡38

ገምቼ ነበር። የድሮው ሥርዓት እንደዚያ ነው። የብርሃን ምሥጢራት የመጡት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2002 ነው፤ ያኔ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ጨመሯቸውና ለሐሙስ ቀን ሐሳብ ቀረበ። ግዴታ ስላልተደረገ እናትሽ ከልጅነቷ ባለችበት ብትቆይ አላጎደለችም።

እኔ ግን እነዚያን አምስቱን ሳስተምር ደስ ይለኛል፤ ለሀገራችን ልጅ ማስረዳት አያስፈልገኝማ። የጌታ ጥምቀት፣ ቃና ዘገሊላ፣ የመንግሥቱ ስብከት፣ ደብረ ታቦር፣ የጸሎተ ሐሙሱ ማዕድ። ጥር 11 ታቦት ሸኝቶ፣ በማግስቱ ቃና ዘገሊላን ላከበረ፣ ለቡሄ ጅራፍ ላስጮኸ ልጅ ምኑ እንግዳ ነው? የክብሩም አራተኛ ፍልሰታ ነው። በነሐሴ የጾመ ሰው በአእምሮው ሥዕል መፈለግ የለበትም፤ ዓመቱን ሙሉ ኖሮበታል።

ቃሉ ይበልጣል
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡15

እህቴ፣ ለሐዘንሽ መጽናናትን እመኝልሻለሁ። እኔ የወንጌል አማኝ ነኝ፤ ደብረ ብርሃን ነው ያደግሁት። ለክርክር አይደለም የመጣሁት፣ የምር ይከብደኛል። ጌታ በማቴዎስ 6፡7 "በከንቱ አትድገሙ" ብሏል። አንድን ቃል 53 ጊዜ ማለት ከዚህ ጋር እንዴት ይታረቃል? አንቺ ራስሽ "ልቤ የለም" ብለሻል። እኔ ብሆን መቁጠሪያውን አስቀምጬ የተሰማኝን በራሴ ቃል ለአባቴ እነግረው ነበር።

የመንዝ ልጅ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡50

እኔ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ፤ ሙያዬ ታሪክ ማስተማር ነው። እዚህ ክር ላይ እንግዳ ብሆንም አንድ ነገር ማለት አለብኝ።

ወንድሜ "ቃሉ ይበልጣል"፣ በቋንቋችን ጸሎትን የምንጠራበትን ቃል ልብ ብለኸዋል? ዳዊት "ይደገማል"። ውዳሴ ማርያም "ይደገማል"። አያቴ "ዛሬ ሳልደግም ወጣሁ" ካለች ቀኑን ሙሉ ደስ አይላትም ነበር። በአማርኛ መጸለይና መድገም ከጥንት አብረው የኖሩ ናቸው። ጌታ የከለከለው "በከንቱ" የሚለውን ነው፤ በንግግር ብዛት እንሰማለን ብሎ ማሰብን። እሱ ራሱ በጌቴሴማኒ ሦስት ጊዜ ሄዶ "ያንኑ ቃል" ጸልዮአል፤ ማቴዎስ 26፡44። ጭንቅ ያለበት ሰው አዲስ ቃል አይፈልግም። "ምሕረቱ ለዘላለም ነውና" የሚለውም በአንድ መዝሙር ውስጥ 26 ጊዜ ተመላልሷል።

በራስ ቃል መናገር መልካም ነው፤ እኔም እናገራለሁ። አባቴ የሞተ ለት ግን የራሴ ቃል አልነበረኝም። የቀብሩ ማታ አጎቴ መቁጠሪያ እጄ ላይ አኖረልኝና "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ በል" አለኝ። አርባ አንድ ጊዜ አልኩት። ምን እንደተሰማኝ አላስታውስም፤ ብቻ እስኪነጋ አደረሰኝ።

ሌላም አለ። እኛ ጽጌ የምንለው ወቅት መስከረም 26 ይገባል፤ ማኅሌቱ ሌሊቱን ሙሉ እመቤታችንን በአበባ እየመሰለ ይቆማል። የካቶሊኮች የመቁጠሪያ በዓል በፈረንጅ ኦክቶበር 7፣ ማለትም አብዛኛውን ጊዜ በማግስቱ መስከረም 27 ይውላል፤ የመቁጠሪያው የላቲን ስምም የጽጌረዳ አትክልት፣ የጽጌረዳ ጉንጉን ማለት ነው። ተነጋግረው ያደረጉት አይመስለኝም። ደብረ ሲና ቁልቁለት ላይ በዚያ ወቅት አደይ አበባውን ያየ ሰው ግን ሁለቱም ለምን ወደ አበባ እንደሄዱ ይገባዋል።

ቃሉ ይበልጣል
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡30

ወንድሜ፣ አመሰግናለሁ። በማርያም በኩል በመለመን አሁንም አልስማማም፣ አላስመስልም። ስለ መድገም የተናገርከውን ግን ወደ ቤቴ ይዤው እሄዳለሁ። እናቴ "ኢየሱስ፣ ኢየሱስ" እያለች ሌሊቱን የምታነጋበት ጊዜ ነበር፤ በከንቱ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም።

ከጣርማ በር ማዶ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8፡00

ሹፌር ነኝ፤ ጭነት ይዤ ከአዲስ አበባ ወደ ኮምቦልቻ እመላለሳለሁ። መስታወቱ ላይ መቁጠሪያ ሰቅያለሁ፤ እሱ ለመኪናው ነው። ለኔ አሥር ጉብታ ያላት ቀለበት አለችኝ፤ ጣቴ ላይ እያዞርኩ እቆጥራለሁ፣ ዓይኔ ከመንገድ አይነሳም። ጣርማ በር ላይ ጉሙ ሲወርድ የፊቴን መኪና የኋላ መብራት እንኳ አላየውም። ከዋሻው ወጥቼ ደብረ ሲና እስክገባ አምስቱን አደርሳለሁ። እህቴ፣ ልቤ የት እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም፤ ፍሬን ላይ ነው። እሷ ግን ከጎኔ እንዳለች አውቃለሁ።

ዘግዕዝ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡20

እኔም ካቶሊክ ነኝ። ትንሽ ቅር የሚለኝን ልናገር፤ ከዚህ በፊት ስናገረው ሰው ይቆጣኛል።

የእኛ ሥርዓት የግዕዝ ነው። ውዳሴ ማርያም አለን፣ ለሰባቱም ቀን ተከፍሎ። ታዲያ ልጆቻችን ሰላም ለኪን በመቁጠሪያ ሲያውቁ፣ የሰኞን ውዳሴ ግን ስንቶቹ ያውቁታል? መቁጠሪያው ከላቲን ሚሲዮናውያን ጋር መጣ። ወደዚህ ወደ ሸዋ አቡነ ማስያስ እ.ኤ.አ. በ1868 መጥተው ልቼ ላይ ከንጉሥ ምኒልክ ጋር ተገናኙ፤ በ1879 በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ እስኪወጡ ድረስ ብዙ ደክመዋል፣ አከብራቸዋለሁ። በሰሜን የነበሩት ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ግን ግዕዙን ይዘው፣ እንደ ሀገሩ ሰው ኖረው ነው ያስተማሩት። መቁጠሪያውን እጥላለሁ አላልኩም። በአያቶቻችን ጸሎት ቦታ ሲቀመጥ ግን ያመኛል።

የመንዝ ልጅ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ወንድሜ ዘግዕዝ፣ ቅሬታህን እኔ ኦርቶዶክሱ ልጋራህ ይገባ ነበር፤ ውዳሴ ማርያም ሲረሳ እኔንም ያመኛል። ታሪክ አስተማሪ ስለሆንኩ ግን አንድ ነገር መደበቅ አልችልም። በየቤተ ክርስቲያናችን የሚነበበው ተአምረ ማርያም ዋና መነሻው በ12ኛው መቶ ዓመት በምዕራብ አውሮፓ የተሰበሰበ ነው፤ በዓረብኛ በኩል አድርጎ በዐፄ ዳዊት ዘመን ወደ ግዕዝ ገባ። ልጃቸው ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ እንዲነበብ አዘዙ፣ የእመቤታችንን 33 በዓላት ሠሩ፣ ከተማቸውንም እዚሁ ደብረ ብርሃን ላይ አደረጉ። መጽሐፉ ከገባ በኋላ በራሳችን ታሪኮች እየሰፋ ሄደ፤ ዛሬ የፈረንጅ ነው የሚለው የለም። የመጣ ነገር ሁሉ መጤ ሆኖ አይቀርም። የጫጫዋ እህታችን መቁጠሪያ በጋቢ ጥጥ የተሰካ ነው ብላናለች እኮ።

ዘግዕዝ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡25

የጥጡን ነገር አላስተዋልኩትም ነበር። እውነትህን ነው። ሆኖም ልጆቼን ሁለቱንም አስተምራለሁ፤ ውዳሴውን አስቀድሜ።

የሌሊት ተረኛ
ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 9፡40

አሁን ተረኛ ነኝ፣ ዎርዱ ጸጥ ብሏል። ነርስ ነኝ። የጫጫዋ እህቴ፣ ጽሑፍሽን ሁለቴ አነበብኩት።

በሥራ ላይ መቁጠሪያ አልይዝም፤ እጄን ስታጠብ፣ ጓንት ስለብስ አይመችም። አሥር ጣት ግን አለኝ። ከግራ ትንሿ ጣቴ እጀምርና በቀኝ ትንሿ እጨርሳለሁ። አንዱን አሥር የማደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ በሽተኛ ነው፤ በስሙ ጀምሬ በስሙ እዘጋዋለሁ።

አንድ ሌሊት ከአንኮበር አካባቢ የመጡ እማማ ነበሩ። መተንፈስ ከብዷቸው ኦክስጂን ላይ ናቸው፤ አስታማሚያቸው ወለሉ ላይ ተኝታለች። እጄን ይዘው አልለቅ አሉኝ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጎንበስ ብዬ ስሰማ "በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል መልአክ" እያሉ ነው፤ የኦርቶዶክሱን። እኔም የያዙት እጄ ላይ በየጣቶቼ ሰላም ለኪዬን እያልኩ ነበር። ሁለታችንም የምንለው የዚያኑ መልአክ ሰላምታ፣ የሉቃስ ወንጌልን ነው። ጣቴ መንቀሳቀሱ ሲሰማቸው ዓይናቸውን ገልጠው "ቁጠሪ፣ ልጄ፣ ቁጠሪ" አሉኝ። ሊነጋጋ ሲል አረፉ።

"አሁንም በሞታችንም ጊዜ" የሚለውን በቀን ስንቴ እለዋለሁ፤ ሲለመድ እንደ አንድ ቃል ይሮጣል። እሳቸው አልጋ አጠገብ ግን ሁለት ጊዜዎች መሆናቸውን አየሁ፤ አሁንና ያ ሰዓት። ልቤ ባልነበረበት ሌሊት ሁሉ ያልኩት ለዚያ ሌሊት ሲጠራቀም የቆየ ይመስለኛል። ስለዚህ አታቁሚ፣ እህቴ።

ቋጠሮዋ ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። እናትሽ እዚያ ስትደርስ ምን ታደርግ ነበር? አባትሽን ጠይቂያቸው እስቲ።

የጫጫዋ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡05

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጠዋት ሥራ ቦታ ሆኜ ሳነብ አለቀስኩ። ዛሬ ማታ አባቴ ጋ እሄዳለሁ።

የጫጫዋ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 12፡50

እንቅልፍ ስላልያዘኝ ማልጄ ልጻፍላችሁ።

ትናንት ማታ አባቴን ጠየቅሁት። ዳዊቱን ይዞ ተቀምጧል፤ ዓይኑ ስለደከመ ገጹን የሚገልጠው ለልማዱ ነው፣ በቃሉ ነው የሚደግመው። "አባዬ፣ እማዬ ቋጠሮዋ ላይ ስትደርስ ምን ታደርግ ነበር?" አልኩት። መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ አኖረና "አልሰማሽም እንዴ?" አለኝ። አልሰማሁም። ሦስተኛው አሥር ላይ እተኛ ነበራ። ስንቱን ማታ እዚያው ጋቢ ውስጥ ሆኜ አራተኛውን ሰምቼው አላውቅም።

"እዚያች ጋ በአገሯ ቋንቋ ነበር የምትለው" አለኝ። ሌላውን ሁሉ ለእኛ ብላ በአማርኛ፣ ያቺን አንዲቱን በትግርኛ፣ እናቷ እንዳስተማረቻት። ፍሬዋ የጠፋች ጊዜ አባቴ ከገበያ ሌላ ፍሬ ፈልጎ ሊያስገባላት ነበር፤ እሷ ናት ቋጠሮውን ተወው ያለችው። በጦርነቱ ጊዜ ወደ አዲግራት ስልክ በጠፋ ሰዓት ደግሞ እዚያች ቋጠሮ ላይ ደርሳ ብዙ ትቆያለች፤ የእህቶቿንና የወንድሞቿን ስም አንድ በአንድ ትጠራለች፣ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ሳታውቅ። "እኔ ዳዊቴን ጨርሼ እጠብቃት ነበር" አለኝ። እኛ ተኝተናል።

እኔ ትግርኛ እሰማለሁ እንጂ አልናገርም፤ ጸሎቱንም አላውቀውም። አክስቴ ጋ ደወልኩ። መሽቶ ስለነበር ደንግጣ ነው ያነሳችው። የፈለግሁትን ስነግራት ብዙ ዝም አለች፤ ከዚያ "መቁጠሪያው እጅሽ ላይ ነው?" አለችኝ።

ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ መደቡ ላይ አኖርኩት። ረቡዕ ነው፣ የክብር። እኔ በአማርኛ እጀምራለሁ፣ እሷ በትግርኛ ትቀበላለች። አባቴ አልተቀበለም፤ ግን ዳዊቱን አልገለጠም፣ ተቀምጦ ሰማ። አራተኛው፣ ፍልሰታ ላይ ስንደርስ በየፍሬው ቀስ አልኩ። ስድስተኛዋን አልፌ ጥጡ ጣቴን ያዝ ሲያደርገኝ "አክስቴ፣ ይቺን አንቺ ጀምሪልኝ" አልኳት።

ጀመረችው። እህትማማቾች ናቸውና ድምፁ የእማዬ ነበር። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ ቃሉን ከኋላዋ እየተከተልኩ፣ የማልችለውን እያስደገመችኝ፣ አንዲቷን ሰላም ለኪ ሦስት ጊዜ ያህል አልናት።

ልቤ ነበረ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ማየቱን ረስቼዋለሁ። ዛሬ ሐሙስ ነው። ጋሼ መምህር፣ እርስዎ ያሉትን የብርሃኑን ሌላ ጊዜ እማራለሁ፤ ዛሬ ማታ የደስታውን ነው የማደርሰው። አክስቴ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ እደውላለሁ ብላኛለች።